ግንዱ ከገበቴው በፊት

ጃፓኖች በገበቴ ላይ ስለሚያሳድጉት ዛፍ ሲወራ ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። «ዛፍን ማሠቃየት አይደለም እንዴ?» ይላል አንዱ። «ሥሩን እየቆረጡ፣ ውኃ እየነፈጉ፣ ሽቦ እየጠመጠሙ ማቀጨጭ ምን የሚሉት ጥበብ ነው?» ይላል ሌላው። ቦንሳይ የሚለው ቃል ግን ስለ ማቀጨጭ የሚናገረው ነገር የለም። «ቦን» ዝርግ ገበቴ ነው፤ «ሳይ» ደግሞ ተክል። በገበቴ የተተከለ ማለት ነው፤ በቃ።

እኔ ስለ ቦንሳይ በሞላው ለመጻፍ አልተነሳሁም። ሐሳቤን ይዞት የቆየው ከቦንሳይ ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው፤ አዛሊያ የተባለው ባለ አበባ ቁጥቋጦ ወፍራም ነጠላ ግንድ አውጥቶ በገበቴ ላይ ሲቆም። ቁመቱ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ግንዱ ግን ከታች የጎልማሳ ጭን ያህላል። ሥሮቹ እንደ ሽማግሌ እጅ አፈሩን ጨብጠው ይታያሉ። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየሳሳ ይሄድና ጫፉ ላይ ከጣት ይቀጥናል። የአበባው ወራት ሲደርስ ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ ይሸፈናል። ይህን ያየ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር በማይሞላ ገበቴ ውስጥ ይህን የሚያህል ግንድ እንዴት ወፈረ?

መልሱ አጭር ነው። በገበቴው ውስጥ አልወፈረም።

ይህ ጽሑፍ የዚያች አጭር መልስ ታሪክ ነው። የምጽፈው ከአቦቦ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ከምናምን ርቃ ከምትገኘው፣ አዛሊያ ሊበቅልባት ቀርቶ ስሙም ከማይነሳባት የቆላ ከተማ። እዚህ ሆኜ ስለ ጃፓን ቁጥቋጦ ለምን እንደምጨነቅ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል። ዓመታት ያሳለፍኩት በችግኝ ሥራ ላይ በመሆኑ ነገሩን የማየው ከአበባው ሳይሆን ከግንዱ በኩል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ። አዛሊያ የሚለውን ስም በዕፅዋት መዝገብ ያጸናው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1753 ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ነው፤ «ደረቅ» ማለት ነው። ስሙ እንዲህ ይበል እንጂ ተክሉ ድርቀትን አይችልም። ሥሩ እንደ ፀጉር የሰለለና ከአፈሩ ወለል ብዙም የማይርቅ ስለሆነ ውኃ ሲያጣ ቶሎ ይጎዳል። የኋላ ሊቃውንት አዛሊያን ሮዶዴንድሮን ከሚባለው ሰፊ ወገን ጋር ቀላቅለውታል። ይህ ወገን በእስያ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞልቷል። በአፍሪካ ምድር ግን በተፈጥሮ የሚበቅል አንድም ዝርያ የለውም።

ዘመድ ግን አለው። የሰሜንና የባሌ ተራሮችን የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አስታ ከአዛሊያ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። አስታ ደግሞ ስለ ግንድ የሚያስተምረን ነገር አለው። ለብዙ ዓመታት እሳት ሳይነካው የቆየ አስታ ግንድ ያወጣል፣ ዛፍ ይሆናል፤ ጺም የመሰለ ነገርም ይንጠለጠልበታል። እረኛ ለግጦሽ ብሎ በየጥቂት ዓመቱ እሳት የሚለቅበት አስታ ግን አይሞትም፤ ዛፍም አይሆንም። ከመሬት ሥር ከተደበቀው ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ደግሞ ይቃጠላል፣ ደግሞ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በባሌ በአንድ ከፍታ ላይ ያው ተክል አንድ ቦታ ዛፍ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ከሰው ቁመት የማያልፍ ቁጥቋጦ ሆኖ ይገኛል። ዘሩ አንድ ነው። የተለያየው ሳይነካ የቆየበት የዓመት ብዛት ነው። አንባቢ ይህን የአስታ ነገር ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዛፍን በዕቃ ተክሎ ማሳደግን የጀመሩት ጃፓኖች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራው በቻይናው ልዑል ሊ ሺየን መቃብር ግድግዳ ላይ ድንጋይና ትናንሽ ተክሎች የተደረደሩበትን ገበቴ የያዙ አገልጋዮች ተሥለዋል። ጥበቡ ባሕር ተሻግሮ ጃፓን ከገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1309 በተሣለ አንድ የታወቀ ጥቅል ሥዕል ላይ በዕቃ የተተከሉ ዛፎች ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከመኳንንትና ከመነኮሳት ግቢ ወጥቶ ወደ ተረትና ወደ መድረክ ገብቷል።

«ሃቺ ኖ ኪ» የሚባለው የጥንት የጃፓን ተውኔት የሚያወራው ይህንኑ ነው። ርስቱን የተነጠቀ አንድ ድኻ ወታደር በበረዶ ሌሊት መንገድ የመሸበት መነኩሴ ወደ ጎጆው ይመጣበታል። እንግዳውን የሚያሞቅበት እንጨት የለውም። ከሀብቱ የቀሩት በዕቃ የተተከሉ ሦስት ዛፎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፕለም፣ አንዱ ቼሪ፣ አንዱ ጥድ። ሦስቱንም ቆርጦ አነደዳቸው። መነኩሴው ግን ልብስ ለውጦ አገሩን የሚጎበኝ የቀድሞ ገዥ ነበርና ኋላ ወታደሩን አስጠርቶ ርስቱን ከመለሰለት በኋላ በስማቸው ውስጥ ፕለም፣ ቼሪና ጥድ የሚሉ ቃላት ያሉባቸው ሦስት ግዛቶች ጨመረለት። የተውኔቱ ሚዛን ያለው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሌሊት እሳት የነደደው ዛፍ በአገር ተተመነ። ተመልካቹ ይህን ግነት ነው ብሎ አልሳቀበትም፤ በዚያ ዛፍ ውስጥ ስንት ዓመት እንደነበረ ያውቅ ነበርና።

የአዛሊያ ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1603 እስከ 1868 ድረስ ጃፓን በቶኩጋዋ ቤተሰብ ሥር ሰላም አግኝታ ነበር። ባላባቶች ሁሉ በተራ እየመጡ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ እንዲቀመጡ ይገደዱ ስለነበር ከተማዋ በግቢና በአትክልት ሥፍራ ተሞላች። ግቢው አትክልተኛ ይፈልጋል፤ አትክልተኛውም ገበያ አገኘ። ሶሜይ በሚባለው የኤዶ ዳርቻ መንደር ይኖር የነበረ ኢቶ ኢሄይ የተባለ አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1692 «ኪንሹ ማኩራ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ። ከ300 በላይ የአዛሊያ ዓይነቶችን በየስማቸው እየዘረዘረ፣ በሥዕል እያሳየ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ጻፈ። ቀደም ብሎ የሚያብበውን ከሌላው፣ ዘግይቶ ከሚያብበው ከሳትሱኪ ለየ። ሳትሱኪ በቀድሞው የጨረቃ አቆጣጠራቸው አምስተኛው ወር ነው፤ ተክሉ ስሙን ያገኘው በዚያ ወቅት ስለሚያብብ ነው። ዛሬ በገበቴ ላይ የምናየው ባለ ወፍራም ግንድ አዛሊያ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሳትሱኪ ነው።

ዘመኑን በእኛ ታሪክ ላይ ብናስቀምጠው ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ የነገሡበት ጊዜ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ የአበባው ብዛት አይደለም። አትክልተኛ መጽሐፍ መጻፉ ነው። እጁ አፈር የነካ ሰው የሚያውቀውን በታተመ መጽሐፍ አስፍሮ የሚገዛውና የሚያነበው ሰው ማግኘቱ ነው። ይህን ነገር ወደ ጎን እናቆየው፤ ስለ ግንድ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

በደቡብ ጃፓን በኩሩሜ ከተማ ደግሞ ሳካሞቶ ሞቶዞ የሚባል የጦር ሰው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግድም ኩሩሜ የሚባሉትን አዛሊያዎች ማዳቀል ያዘ። እሱ ሲሞት ሥራውን ሌሎች ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1918 እንግሊዛዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ኧርነስት ዊልሰን ኩሩሜ ደርሶ ስብስቡን ሲያይ 50 ዓይነት መርጦ ወደ አሜሪካ እንዲላክ አደረገ። የምዕራቡ ዓለም «አዲስ አበባ ተገኘ» ብሎ አጨበጨበ። አበባው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የተለፋበት ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ግንድ እንዴት ይወፍራል? በልጡና በእንጨቱ መካከል ዓይን የማይለየው ስስ ሽፋን አለ። ዛፉ የሚወፍረው ይህ ሽፋን ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ልጥ ሲጨምር ነው። ይህን የሚያደርግበትን ስንቅ የሚያገኘው ከቅጠል ነው። ቅጠል በበዛ ቁጥር ከሥሩ ያለው ግንድ ይወፍራል። ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት በማስታወሻው ላይ የቅርንጫፎች ውፍረት ሲደመር ከግንዱ ውፍረት ጋር እኩል ይመጣል ብሎ ጽፎ ነበር። በገበቴ ውስጥ ሥሩ መሄጃ የለውም። ሥር ካልሄደ ቅጠል አይበዛም፤ ቅጠል ካልበዛ ግንዱ ዓመቱን ሙሉ የሚጨምረው የክር ያህል ነው። ስለዚህ ችግኝን በገበቴ ተክሎ «ይወፍርልኛል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ልጅ ልጁም አያይለትም።

አትክልተኞቹ የሚያደርጉት ይህ ነው። የአዛሊያ ቁራጭ ሥር ካወጣ በኋላ ሜዳ ላይ ይተክሉታል። እንደ «ኦሳካዙኪ» ያሉ ግንዳቸው ፈጥኖ የሚደነድን ዓይነቶች ይመረጣሉ። ከዚያ ይተዉታል። ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይስፋ ይሉታል። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በነዚያ ዓመታት ውበት አይጠየቅም። ተክሉ ዝብርቅርቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው፤ መንገደኛ ዞር ብሎ አያየውም።

መተው ማለት ግን መርሳት አይደለም። እዚህ ላይ አዛሊያ የራሱ ጠባይ አለው። ጥድ ኃይሉን ወደ ጫፉ ይልካል፤ አዛሊያ ግን ጉልበቱ ያለው ከታች ነው። ካልተቆጣጠሩት ከግንዱ ሥር እየደጋገመ ያቆጠቁጥና አንድ ግንድ መሆኑ ቀርቶ አሥር ቀጫጭን ዘንግ ይሆናል። ነጠላ ግንድ የሚፈልግ አትክልተኛ የትኛው ቀንበጥ ለጊዜው ቆይቶ የታችኛውን ግንድ እንደሚያወፍርና የትኛው ዛሬውኑ መነቀል እንዳለበት በየዓመቱ ይለያል። ለማወፈር ሲባል የሚቆዩ ቅርንጫፎች አሉ። ያድጋሉ፣ ግንዱን ይመግባሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ይቆረጣሉ። ቁስሉ ቀስ ብሎ ነው የሚሽረው። በመጨረሻ ግንዱ በቃ ሲባል ከላይ ይቆረጣል። አዛሊያ እንደ ጥድ ስላልሆነ ቅጠል ከሌለው እርጅና ከያዘው እንጨት ላይ እንኳ አዲስ እምቡጥ ያወጣል። ከነዚህ ውስጥ ተመርጦ ቅርጽ ይጀመራል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው ቀንበጡ ለጋ ሳለ በሽቦ ይታጠፋል። እርጅና የያዘው የአዛሊያ እንጨት በቀላሉ ይሰበራልና። መግረዝም ጊዜ አለው፤ አበባው እንደረገፈ ወዲያው ነው። ክረምታቸው ከገፋ በኋላ የሚገርዝ ሰው የመጪውን ዓመት አበባ አብሮ ይቆርጣል።

ገበቴው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አፈሩም ቢሆን እንደተገኘ አይደለም። በቶቺጊ አውራጃ ካኑማ ከተማ አካባቢ የሚቆፈር ቢጫ፣ ቀላልና አሲዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አለ። ከአካጊ ተራራ ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ፈንድቶ የወረደ ነው። አዛሊያ አሲዳማ አፈር ካላገኘ ቅጠሉ ይገረጣል። የኛ የወለጋና የጎጃም ገበሬ አሲዳማ ሆነብኝ ብሎ ኖራ የሚነሰንስበት ዓይነት አፈር ለአዛሊያ ምቾቱ ነው። ካኑማ ዛሬም የሳትሱኪ ከተማ ናት፤ በየዓመቱ በአበባው ወራት ዓውደ ርእይ ይካሄድባታል። በስም የታወቁት የሳትሱኪ ዓይነቶችም ከአንድ ሺህ አልፈዋል።

እንግዲህ ገበቴው ማሠቃያ አይደለም። ለበቃ ግንድ የሚሰጥ ወንበር ነው ማለት ይቻላል። ግን ያ ወንበር ከተገኘ በኋላም ዋስትና የለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1923 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ቶኪዮን አወደማት። የቦንሳይ አትክልተኞች ፍርስራሹን ትተው ወደ ሰሜን ወደ ኦሚያ ሄዱና እ.ኤ.አ. በ1925 የራሳቸውን መንደር መሠረቱ። በ1928 ያወጡት ደንብ ደስ ይላል። በመንደሩ የሚኖር ሁሉ ቢያንስ አሥር ቦንሳይ ይኑረው፤ በሩን ለመጣ ሰው ሁሉ ክፍት ያድርግ፤ ባለ ፎቅ ቤት አይሥራ፤ አጥሩም የተክል አጥር ይሁን። ከዚያ ጦርነት መጣ። ብዙ ተክሎች ጠፉ። ከተረፉት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ፣ ማለትም ከአጼ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ፣ በሰው እጅ ያደገ ጥድ ነው። ያማኪ የተባለው የሂሮሺማ ቤተሰብ ንብረት ሲሆን በ1945 አቶሚክ ቦምብ ከተማዋ ላይ ሲጣል ከአጥር ጀርባ ተርፏል። ቤተሰቡ ይህን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ከጃፓን ለአሜሪካ ሕዝብ ከተሰጡት 53 ቦንሳዮች ጋር ሰጠው፤ ዛሬ ዋሽንግተን ነው ያለው። ተቀባዮቹ ዛፉ ከየት ተርፎ እንደመጣ ያወቁት በ2001 የቤተሰቡ ልጆች መጥተው ሲነግሯቸው ነበር። ዛፉ ከባለቤቶቹ ሁሉ ዕድሜ አልፏል። ጥበቡ የሚቆመው አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ባለፈው ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያ ሊቃውንት ጃፓንን በጉጉት ይመለከቱ ነበር። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያን ስታሸንፍ የዓድዋ ድል ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና ሁለቱ አገሮች በአንድ ዓይን ይታዩ ጀመር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን መንገድ እንድንከተል መክረዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ምሳሌው የሜይጂ ጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ጎበኙ፤ ስለ ጉዟቸውም መጽሐፍ አሳተሙ። ጃፓን የደረሱት በኅዳር ወር ግድም ስለነበር አዛሊያ የሚያብብበት ጊዜ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው በመጽሐፋቸው ርእስ ላይ ጥያቄውን በግልጽ አስቀመጡት።

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። እኔ በአዛሊያው በኩል ሳየው መልሱ እ.ኤ.አ. ከ1868 በፊት ባሉት ሁለት መቶ ስድሳ ዓመታት ውስጥ ነው። የሜይጂ ዘመን ባቡር፣ ፋብሪካ፣ ሕገ መንግሥትና ጦር ገበቴው ናቸው። ግንዱ የወፈረው ማንም ዞር ብሎ በማያየው ሜዳ ላይ ነበር። በየመንደሩ ፊደል የሚያስቆጥሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርስ የእጅ ባለሙያ ነበር። ስለ አበባ መጽሐፍ የሚጽፍ አትክልተኛ ነበር። ገበቴው በመጣ ጊዜ የሚቀመጥበት ነገር አገኘ።

የኛዎቹ ሊቃውንት ይህን አላወቁም ማለቴ አይደለም። ትምህርት ትምህርት እያሉ የጮኹት ስለገባቸው ነው። ግን ጊዜውን ማን ሰጣቸው? ሕገ መንግሥቱ ከወጣ አምስት ዓመት ሳይሞላው በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ወረረን። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ያንን ትንሽ የተማረ ትውልድ እየለቀመ ፈጀው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሌላ የተማረ ትውልድ በራሱ ወገን እጅ በቀይ ሽብር አለቀ። እዚህ ላይ ነው አስታ የሚታወሰኝ። የኛ ነገር የገበቴ አይደለም፤ የእሳት ነው። ጉቶው አልሞተም። በየጊዜው ያቆጠቁጣል፤ ያማረ ለምለም ቀንበጥ ያወጣል። ግንድ ሊሆን ሲል ይቃጠላል። አማርኛችን ግንድን ለዛፍ ብቻ አልሰጠውም፤ «የዘር ግንድ» እንላለን፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደመር ማለታችን ነው። እሳት የሚወስድብን ያንን መደመር ነው።

ይህ ነገር በትልቁ ታሪክ ብቻ የሚታይ አይደለም። አቦቦ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ገበቴ እንደመጣ ይቆጥራል። በ1977 ድርቅ ጊዜ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ጋምቤላ መጡ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ አቦቦ አካባቢ ሠፈሩ። ደገኛው ወባ ካለበት ሞቃት ቆላ ወረደ፤ ብዙ ሰው ሞተ። አኙዋኮች ደግሞ ያረሱትን፣ ያደኑበትንና ማር የቆረጡበትን ጫካ ሳይጠየቁ አጡ። ሠፋሪው ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ፤ ነባሩ በቆመበት ሥሩ ተቆረጠ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሠፋሪው ብዙው ወደ መጣበት ተመለሰ፤ የቀረውም ቀረ።

በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በአልዌሮ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠራ። 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ፣ 10 ሺህ ሄክታር መስኖ ያለማል የተባለለት ነበር። የመንግሥት የጥጥ እርሻም ነበር። ግድቡ ካለቀ በኋላ ግን ለመስኖው እርሻ ሳይውል ዓመታት አለፉ። ኋላም በ2002 ዓ.ም. ግድም 10 ሺህ ሄክታር መሬት ሩዝ እንዲያመርት ለሳውዲ ስታር ኩባንያ ተሰጠ። ጫካው ተመነጠረ፤ ክርክሩ ከአገር ውጭ ሁሉ ተሰማ። ከእያንዳንዱ ዕቅድ ጀርባ ያለው ፍላጎት ክፉ ነበር አልልም። የተራበን ሰው «ግንድህ እስኪወፍር ጠብቅ» አይባልም፤ በ1977 ዓ.ም. እህል በዚያው ቀን ነው የሚያስፈልገው። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እህል ማድረስ የቀን ሥራ ነው፤ ሰውን ከመሬት ጋር ማዋደድ ግን የትውልድ ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ በጀት ዓመት፣ በአንድ የሪፖርት ቅጽ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

በችግኝ ጣቢያ ይህን ዕለት በዕለት የምናየው ነው። ዝናብ ሲቃረብ ችግኝ በጥቁር ላስቲክ ተሞልቶ ይደረደራል። የተከፋፈለው ተከፋፍሎ የተረሳው እዚያው ይቀራል። ሦስት ዓመት በላስቲክ ውስጥ የቆየ የሁመር ችግኝ ከጣት አይወፍርም፤ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ እየዞረ ይተበተባል። በዚያው ሳምንት ከዚያው ፍሬ የበቀለውና ከአጥሩ ጥግ መሬት ያገኘው ወንድሙ የክንድ ያህል ሆኖ ይጠብቅሃል። በቆጠራ ወቅት ግን ሁለቱም እኩል «አንድ ችግኝ» ተብለው ይመዘገባሉ። ቆጠራው የሚጠይቀው ስንት ተተከለ ነው። ስንቱ ግንድ አወጣ የሚል መስመር ቅጹ ላይ የለም።

የጋምቤላን ቆላ ወፍራም ግንድ ማየት የሚፈልግ ሰው ከፍሬው ቅቤ የሚወጣለትን፣ በውጭ አገር ሺአ የሚባለውን ዛፍ ይመልከት። በአገራችን ይህ ዛፍ በዋናነት የሚገኘው እዚህ ነው። የመጀመሪያ ፍሬውን ለመስጠት 15 እና 20 ዓመት ይፈጃል፤ በሙሉ ጉልበቱ የሚያፈራው 40 እና 50 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያፈራል። ሥሩ በቀጥታ ወደ ታች ስለሚወርድ ነቅሎ ማዛወር አይወድም፤ የሚሻለው ፍሬው በሚቆይበት ቦታ ላይ ቢዘራ ነው። ስለዚህ ለዘመቻ አይመችም። በምዕራብ አፍሪካ ገበሬው ማሳ ሲመነጥር ሌላውን ቆርጦ ሺአውን ይተወዋል፤ ቅቤው የሴቶች ገቢ ነውና። በአንድ ትራክተር በአንድ ቀን የሚገለበጠው ሺአ አባቶች ሳይቆርጡ ያሳለፉት ነው። መተካት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ዛሬ ዘርቶ የሚያፈራውን ለልጆቹ መተው አለበት።

አዛሊያን አቦቦ ላይ እንትከል የሚል ሐሳብ የለኝም። ሙቀቱም አፈሩም አይስማማውም፤ ከሁመርም ከሺአም በልጦ የሚያስተምረን ነገር የለውም። ከዚያ ቁጥቋጦ እኔ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። የኤዶው አትክልተኛ ሜዳ ላይ የተከለውን ቁራጭ ገበቴ ላይ ቆሞ አላየውም ይሆናል፤ ተክሏል። ለልጁ የትኛውን ቀንበጥ መንቀል፣ የትኛውን ማቆየት እንዳለበት ነግሮታል፤ ጽፎለታልም። በመካከል እሳትም መንቀጥቀጥም ሲመጣ የተረፈውን ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ቀጥለዋል።

አቦቦ ውስጥ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀሩት ሠፋሪዎች በየጓሯቸው የተከሉት ማንጎ ዛሬ ጥላው ሰፍቶ ሰው ይሰበሰብበታል። በጥላው ሥር የአኙዋክም የሠፋሪም ልጆች ይቀመጣሉ። ሲጣሉም፣ ሲታረቁም አይቻለሁ። ያንን ማንጎ በዕቅድ ውስጥ ያስገባው ሰው አልነበረም፤ የተከለው ሰው ግን አጠጣው፣ ከፍየል ጠበቀው፣ ተወው። ቀጣዩ ዕቅድ ወደዚህ ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርምና፣ የመጀመሪያው ጥያቄው «ምን ይተከል?» ከሚሆን «ምን ቆሟል? ዕድሜውስ ስንት ነው?» ቢሆን ደስ ይለኛል። ግንድ ካለ ገበቴ አይታጣም።